ጥርሷ የወለቀ ጀልባ

ጥርስ ሠሪው ጀልባዋን የወረሰው በኩርፊያ ነው። እህቱ ቤት ስትቀይር በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችና፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ በተደረደሩት ሰው ሠራሽ ጥርሶች መሐል ዘፍ አደረገቻት። "የአባታችን ወራሽ ወንዱ ልጅ ነው ስትል አልነበር? እንካ! እኔ ቤት ሁለት መደርደሪያ ሰብራለች" ብላው ወጣች።

ጀልባዋ ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። ቀለሟ ተልጧል፣ ምሰሶዋ ዘሟል፣ ሲያነሷት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። ታሪኳን ግን ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ይወጣዋል። አያትየው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ቆፍጣና ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የአንድ መርከብ ካፒቴን የጠፋበትን ደብዳቤ ፈልገው ቢያገኙለት፣ የገዛ መርከቡን አምሳያ ሸለማቸው። ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ መስታወት ሣጥን ውስጥ ገባች፤ ጣቱን ያስጠጋ ወዮለት። አያትየው በዕድሜ ዘመናቸው ሁለቴ ስቀዋል ይባላል፤ ያየ ግን የለም።

ጥርስ ሠሪው የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሊያድሳት ቆረጠ። ለማደስ ደግሞ የየትኛዋ መርከብ አምሳያ እንደሆነች ማወቅ ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት አቅፏት አሮጌ ዕቃ ወደሚያድሱ አንድ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌው ገለበጧት፣ አሸተቷት፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጓት።

"ካፒቴን ነው የሰጣቸው ነበር ያልከኝ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ሰውየው የገዛ መርከቡን አይቶ አያውቅም። ከፊት የመንገደኛ መርከብ ናት፤ ከኋላ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ። ወገቧ ደግሞ፣ እኔ እንጃ፣ ቁም ሣጥን ነገር ነው።" ከዚያ የጭስ ማውጫዋን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ቀለሙ በተላጠበት በኩል "ለሕፃናት ገላ" የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሏል። "ይኸውልህ፣ የፓውደር ቆርቆሮ! ልጄ፣ ይቺ እቤት ውስጥ የተወለደች ናት። ወላጇን እዚያው ፈልግ።"

ከዚያ ቤት የቀሩት ምስክር አንዲት ብቻ ናቸው፤ የአባቱ እህት። አክስትየው ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ እግራቸው ቢደክምም ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። ዘመድ ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ "አጥፊት" ይላቸዋል። እሳቸው አጠገብ የዋለ ዕቃ ውሃ በላው ማለት ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይባላል።

ጥርስ ሠሪው ቀለሙን በጥጥና በአልኮል ቀስ እያለ ሲያስለቅቅ ሰነበተና ሰኞ ከሰዓት አክስቱን ጠራቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙም አልቆዩ።

"ውይ! ይቺማ የእናቴ የሹራብ መርፌ ናት!" አሉ ምሰሶዋን ይዘው። "በሷ ሰበብ ሁለት ኩርኩም ቀምሻለሁ!"

"አክስቴ፣ እርግጠኛ ነዎት? የእንጨት መርፌ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው እኮ።"

"ጫፏ ላይ ነክሼያታለሁ። እየው።"

አየው። የንክሻ ነገር ሲሆን ጥርስ ሠሪው አይሳሳትም፤ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ንክሻ ነበር፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ክብ መስኮቶቹ የአክስትየው ካፖርት ቁልፎች ሆነው ተገኙ። የመርከቧ ወለል የወንድማቸው ማስመሪያ ነው፤ ቁጥሮቹ እንኳ አልጠፉም። አክስትየው በእያንዳንዱ ዕቃ የተመቱትን እየቆጠሩ ሲፎክሩ፣ ጥርስ ሠሪው ወለሉን በቀጭን ቢላ ፈልቅቆ አነሣው። ከስሩ የናስ ማርሾችና አንድ ወፍራም ሞላ ብልጭ አሉ።

አክስትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"የግድግዳው ሰዓት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሰባት ዓመቴ ነበር። አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁለት፤ በማግስቱ ቆመ። አባዬ ከፍተው አዩና 'አልቋል' አሉ፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ እንግዳ መጥቶ ሰዓት በጠየቀ ቁጥር ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።"

"ታዲያ ካፒቴኑስ?"

"የምን ካፒቴን! ባሕር አይተው አያውቁም እኮ። መርከብ ያዩት በሚለዩት ፖስት ካርድ ላይ ነው። ፊቷን ካንዱ፣ ኋላዋን ካንዱ ወስደው ነዋ!" ድንገት ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት፤ ጥርሶቹ ሁሉ ዘለሉ። "አባዬ ሌባ ነበሩ!"

ጥርስ ሠሪው የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። "ከፈለጉ ሰዓቱን ልመልስልዎ። የሰዓቱ ባዶ ሣጥን እህቴ ጋ አለ።"

"ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ይቺን አስኪዳት። ከሄደች ይቅር እላቸዋለሁ። ካልሄደች ግን በከንቱ ነው የተኮረኮምኩት።"

ነገሩ እንዲህ ሲከብድ ጥርስ ሠሪው ማርሾቹን ይዞ ወደ ሰዓት አዳሽ ሮጠ። አዳሹ አየና ራሱን ነቀነቀ። "የዚህ መለዋወጫ የለም። ትልቁ ማርሽ ሁለት ጥርስ ወልቆበታል።"

"ምን ወልቆበታል?"

"ጥርስ።"

"ጥርስ ብቻ ከሆነማ ለኔ ተወው" አለና እየሳቀ ወጣ።

እንደማንኛውም ሰው ጥርስ ቅርጹን በሰም ወሰደ፣ ለመንጋጋ በሚጠቀምበት ብረት አፈሰሰው፣ በየደ፣ ሞረደ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ አበላሽቶ እንደገና ሠራ። በዚህ መሐል ጥርሳቸውን የሚጠብቁ አንድ ጡረተኛ መምህር ሳምንቱን ሙሉ በሾርባ ከረሙ። ሲመጡ ግን ለምን እንደዘገየ ሰምተው ሳይቆጡ፣ የጀልባዋን ጥርስ ካላሳየኸኝ የኔን አልወስድም አሉ።

እሑድ አክስቱን ይዞ ወደ መናፈሻው ኩሬ ሄደ። ሞላዋን ጠምዝዞ ውሃው ላይ ለቀቃት። ጀልባዋ ወደ ግራ ተንጋደደች፤ እንደሰከረ ሰው አንዴ ዞረች። አክስትየው ከዘራቸውን ጨበጡ። ከዚያ ቀና አለችና እያጉረመረመች፣ ዳክዬዎቹን እየበታተነች፣ ቀጥ ብላ ሄደች።

"ጎሽ፣ አባዬ" አሉ አክስትየው። "ሌባ ቢሆኑም እጃቸው ወርቅ ነበር።"

ጀልባዋ ኩሬው መሐል ስትደርስ ሞላዋ አለቀና ቆመች። ጥርስ ሠሪው ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፤ ጥበቃው ከወዲያ በኩል እየሮጠ መጣ።

"ጌታው! ዋና ክልክል ነው!"

"መቼ ዋኘ? ውርሱን ሊያመጣ ነው" አሉ አክስትየው።

ጥበቃው ጀልባዋን አየ። "የማን ናት?"

"የአባቴ። በገዛ እጃቸው ነው የሠሯት፣ ከእኔ ዕቃ!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ጥርስ ሠሪው እስከ ደረቱ ረጥቦ፣ ጀልባዋን ራሱ ላይ ተሸክሞ ወጣና ሞላዋን እንደገና ይጠመዝዝ ጀመር። ጥበቃው ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ አለቃው የለም። ፊሽካውን ኪሱ ከተተና፣ "ከዚያኛው ዳር ሆኜ ልቀበላት?" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ኩሬውን ዞሮ ሮጠ።