ወዲ ነጋ ኦንላይን ነው

አባቴ ጌም መጫወት የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። አቶ ነጋ ማለት ከደሴ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የመብራት ቴክኒሻን ሆኖ የሠራ፣ ወንድሜ ዓወት ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ሲውል «ይሄ ልጅ ዓይኑን ጨርሶ ሊቀመጥ ነው» እያለ በር ሲደበድብ የኖረ ሰው ነው። አሁን እሱ ራሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ቁልፎቹን በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ በዓወት ቦታ ሆኖ በጌሙ ውስጥ ባሕር ያቋርጣል።

ምክንያቱ ግን አያስቅም። ዓወት በ2013 ክረምት ከጓደኛው ከጎደፋ ጋር ወደ ጦርነቱ ሄደና አልተመለሰም። ጦርነቱ ቆመ፣ ስልክ መጣ፣ ባንክ ተከፈተ፣ ኢንተርኔት መጣ፣ እሱ አልመጣም። ጎደፋም የት እንደደረሰ አናውቅም፤ ቤተሰቦቹ ከሰፈራችን ከሓድነት ከለቀቁ ቆይተዋል። በ2016 ጥቅምት በየቤቱ መርዶ ሲነገር፣ እኛ ሰፈር ከአንዱ ለቅሶ ወጥተን ወደ ሌላው ስንገባ፣ የእኛን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። መርዶ የሚመጣው በማለዳ ስለሆነ እናቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ነጠላዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እናቴ «ልጄ ሞቷል፤ የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው» ትላለች። አባቴ «መርዶ ያልመጣበት ሰው አልሞተም» ይላል። እኔ ዓይደር አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ውዬ ማታ እመጣና መሃላቸው ቁጭ ብዬ እራቴን እበላለሁ።

አባቴ ላፕቶፑን ያስነሳው የዓወትን ፎቶ ሲፈልግ ነበር። ጌሙ የይለፍ ቃሉን አልረሳም፤ ሲነኩት ተከፈተ። ዓወት በጌሙ ውስጥ ስሙ «ወዲ ነጋ» ነው፣ የነጋ ልጅ ማለት። አባቴ ይህን ስም እስከዚያ ቀን አያውቀውም ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ከእኔ ጋር ሲጣላ የሚውል ልጅ» አለ። ስሙ ሥር ወርሃዊ ክፍያዎ አብቅቷል የሚል ጽሑፍ ነበር።

እንግዲህ ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዓወት በሚጫወትበት ዘመን ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ በሁለት ዓመት አንዴ ትልቅ ማስፋፊያ ያወጣ ነበር። አህጉር ሙሉ ነው፤ ተራራው፣ ከተማው፣ ለወራት የማያልቅ ታሪኩ። እኔም አንዳንዴ አብሬው እቀመጥ ስለነበር አውቃለሁ፤ ለዚያ በየወሩ ቢከፈል ወግ ነው። እኛ ከዓለም ተቆርጠን በቆየንበት ጊዜ ግን አሠራሩን ለወጡት። አሁን በየስድስት ሳምንቱ አንዲት ደሴት ትወጣለች። ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ዋሻ፣ በግ የጠፋበት ሽማግሌ። እኔ አንዷን በአንድ ከሰዓት ጨርሻት ምሳ ዕቃ አጥቤያለሁ። ክፍያው ያው የድሮው ነው። ይባስ ብሎ የደሴቲቱ ሽልማት የሚሰጠው ቀጣይዋ እስክትመጣ ብቻ ነው፤ ያመለጠው አመለጠው። ሰውን በጉርሻ ጉርሻ ይዞ እንዳይነሳ ማድረግ ይሉሃል ይሄ ነው።

«አባ፣ እየበዘበዙህ ነው» አልኩት። «ለአንዲት ቁራሽ ደሴት የወር ይከፈላል?»

«ትንሽ ስለሆነች ነው የምችላት» አለኝ። «አህጉር ቢሆን በየት በኩል እገባለሁ?»

«ዓወት ሲመጣ ራሱ ይጫወተው።»

«ሲመጣ ያለፈውን አይሰጡትም። እስካሁን ያመለጠው ይበቃዋል፤ ከዚህ በላይ ልጄ ከጓደኞቹ ወደኋላ አይቀርም።»

የማላውቃቸውን የኩባንያውን ሰዎች እየረገምኩ ክፍያውን ልገዛለት ወጣሁ።

የክፍያውን ኮድ የሚሸጥልን ገዛኢ ነው፤ ሓድነት ጌም ቤት አለው፣ ውጭ ያለ ወንድሙ በካርድ ይገዛለታል። ብሶቴን ስነግረው ሳቀ። «ዳናይት ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለኝ። «ትልቁን ሰው ይጨርስና ይሄዳል። ትንሽ ትንሽ ከሰጠሽው ግን፣ ቀጣይዋ መጣች እያለ ቁጭ ይላል። እኔ ደንበኛ የጠፋብኝ በድሮው አሠራር ነው።» ገዛኢ ስለ ንግዱ ነበር የሚያወራው። እኔ ኮዱን ይዤ ስመለስ የማስበው ስለ አባቴ ነበር፤ መንገዱ ላይ እንባዬ መጣ።

አባቴ ቀርፋፋ ተጫዋች ነው። አብረውት የሚሄዱ የማያውቃቸው ሰዎች ይሰድቡታል፤ በእንግሊዝኛ ይጽፉና ትርጉሙን እኔን ይጠይቀኛል። አንድ ቀን «ይሄን ጽሑፍ ዝጊልኝ፤ በልጄ ስም ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም» አለኝ። መልእክት መቀበያውን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁለት። ከዚያ ወዲያ ማንም የጻፈው ነገር አይደርሰውም።

እናቴ ላፕቶፑ ያለበትን ክፍል አታይም። በበሩ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ስሙን ለካህኑ ልሰጥ ሄጄ መለሱኝ» አለችኝ። «አባቱ አለ ይላል፣ አንቺ ፍትሐት ትያለሽ፣ መጀመሪያ ተስማሙ አሉኝ። እንግዲህ ያ ነገር እስካልተዘጋ ድረስ ለልጄ አላለቅስም ማለት ነው።» እናቴ ፍሬወይኒ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ያን ቀን ግን ድምፅዋ እንደ ታመመ ሰው ነበር።

ጎደፋ የመጣው በ2017 ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ እግሩን እየጎተተ ይራመዳል፤ ወፍሯል፤ በእጁ አዲስ የስኒከር ካርቶን ይዟል። ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ኣደይ ፍረ፣ ከመይ ኣለኽን?» ብሎ ሰላም አላትና ትከሻዋን ሳመ። «ዓወትከ? የት ሄዷል? ጫማ አምጥቼለታለሁ።»

እናቴ ግድግዳውን ያዘች።

«ጎደፋ» አልኩት፣ «እኛ ነን አንተን የምንጠይቅህ።»

«ተዪ እንጂ፣ አትቀልጂ» አለ፤ ሳቁ ግን መፍረስ ጀምሮ ነበር። «ትናንት ኦንላይን ነበረ። ሁሌም አየዋለሁ። አዲስ ደሴት በወጣች ቁጥር ይገባል። ስንት ጊዜ ጻፍኩለት፣ አይመልስልኝም። ተቀይሞኝ ነው አልኩ። ይቀየመኝ፣ መብቱ ነው፤ ትቼው ስለሄድኩ ነው። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቀው ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት።»

አባቴ መነጽሩን እንዳደረገ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር። «ማንን ነው ትተህ የሄድከው?» አለው።

ጎደፋ አባቴን አየ። ከዚያ በተከፈተው በር ላፕቶፑን አየ፤ ወዲ ነጋ መርከቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የገባው ያኔ ነው። ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

የተናገረው ብዙ አይደለም። አንድ ወንዝ ዳር ዓወት ደረቱን ተመታ። ጎደፋ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ምንም አልሰማም። ፊቱን በሻርፑ ሸፈነለት። መሸሽ ነበረባቸው፤ ትንሽ ሳይርቅ እሱም እግሩን ተመታ። ከብዙ ሕክምና በኋላ አጎቱ አዲስ አበባ ወሰደው። «መርዶውን ይዤ ልመጣ ትኬት ቆርጬ ነበር» አለ። «ከመሳፈሬ በፊት የሚያጫውተኝ ባገኝ ብዬ ጌም ቤት ገባሁ። በራሴ ስም ስገባ፣ ከጓደኞቼ መሃል ወዲ ነጋ አረንጓዴ ሆኖ በርቷል። ሰው ፊት አለቀስኩ። ለካ ይተነፍስ ኖሯል፣ በሕይወት እያለ ነው የጣልኩት አልኩ። ትኬቱን መለስኩት። በምን ዓይኔ እመጣለሁ?»

እናቴ ንጋት ላይ በሩ ሥር ተቀምጣ የጠበቀችው መርዶ መንገድ ጀምሮ ነበር። አባቴ ከመንገድ መለሰው። ከእኛ ቤት፣ እኔ ኮድ እየገዛሁለት፣ በየስድስት ሳምንቱ መለሰው። ይህ ሲገባኝ አባቴን ማየት አቃተኝ። እሱም እኔን አላየኝም።

ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት። «ተነስ ወደይ፣ ልጄ» አለችው ጎደፋን። «መርዶ በዚህ ሰዓት አይነገርም፤ እኛም ምንም አልሰማንም። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዘህ ና።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ፤ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና ጎደፋ። አባቴ ኮቱን ለብሶ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው እንደ ወጉ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ መናገር ሲጀምር አባቴ አላስጨረሰውም፤ ወደ ጎደፋ ዞረ።

«ትንፋሽ እንዳልነበረው በእመቤታችን ማልልኝ።»

ጎደፋ ቀኝ እጁን ለመሐላ አነሳና መልሶ አወረደው።

«ማልልኝና ላልቅስ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ኣቦይ ነጋ» አለ ጎደፋ፤ ላብ በላብ ሆኗል። «ያኔ ቢጠይቁኝ እምል ነበር። ስሙ ሲበራ ካየሁ ወዲህ ግን፣ በደንብ አላዳመጥኩም፣ ጆሮዬ በተኩሱ ደንቁሮ ነበር፣ ይተነፍስ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። በየቀኑ ነው ያልኩት። አሁን የሰማሁትና ያሰብኩት ተቀላቅሎብኛል። በእሷ ስም መማል አልችልም።»

«የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ እኮ» አለው አባቴ፣ እንደ ልመና።

«አውቃለሁ ኣቦይ። አሁን አውቃለሁ። ግን ያሰብኩት ከጭንቅላቴ አይወጣም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እናቴ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ግቢው ወጣችና ልጇን በስሙ ጠራች። ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ መጣ። ያን ቀን ድንኳን ተተከለ፤ እኔም ጥቁር ለበስኩ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠም። «ምስክሩ ያልማለበትን አላለቅስም» አለና ክፍሉ ገባ። ለቀስተኛው ሐዘን አእምሮውን ነካው እያለ ከንፈሩን መጠጠለት።

ከመርዶው ቀን የተቆጠረው አርባና አዲሷ ደሴት በአንድ ሳምንት ዋሉ። አባቴ ግዢልኝ አላለኝም። ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ክፍያዎ አብቅቷል የሚለውን ጽሑፍ ሲያይ ሁለት ቀን ዋለ፤ ምግብም ተወ። ሦስተኛው ቀን ገዛኢ ዘንድ ሄድኩ። ጥቁር መልበሴን አይቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝና፣ ኮድ ስጠይቀው ጆሮውን አላመነምና ደግሜ እንድጠይቀው አደረገኝ። ዋጋ የለውም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም የለውም እላለሁ። ገዝቼ ወጣሁ።

ስመለስ ካህናቱ ለተዝካሩ መጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮዱን ለአባቴ ሰጠሁት። ሳያመሰግነኝ፣ በሁለት ጣቱ፣ አንድ በአንድ ጻፈው። የጌሙ ሙዚቃ ጀመረ። እናቴ ዳቦ የያዘ ሰፌድ ተሸክማ በበሩ ስታልፍ ቆመች፤ አባቴ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ያን ክፍል ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባሏን ከኋላው ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በሩን ዝጊበት» አለችኝ፤ «ካህናቱ ድምፁን እንዳይሰሙ።»