የሳንጃው ቀለበት

ደሴ ሳንጃውን ከጋቢው እጥፋት አውጥቶ ጣቃ ጨርቁ ላይ ሲያስቀምጠው፣ በሰይፈዲን ሱቅ የነበሩት ገበያተኞች አንድ በአንድ ወጡ። ውጡ ያላቸው የለም። አርብ ገበያ የዋለ ሁሉ ወሬውን ሰምቶታል፦ ንጋቱ በሰኔ ለገብስ ሲያርስ ማረሻው ከድንበሩ ሥር ሳንጃ ፈንቅሎ አወጣ። የደሴ አያት ደግሞ ውጅግራቸውን እንዳነገቱ በዚያው፣ ያኔ የንጋቱ አያት ያርሱት በነበረው ማሳ አጠገብ ሲያልፉ ከታዩ ወዲህ ሬሳቸውም ጠመንጃቸውም አልተገኘም።

"የውጅግራ ከሆነ የአያቴ ነው" አለ ደሴ። "የአያቴ ከሆነ ደግሞ ደመኛችንን አወቅን።"

ንጋቱ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። "መርምረህ ተናገር፣ ሰይፈዲን። ነውር ቢኖርብኝ መልሼ እቀብረው ነበር እንጂ ለሰው አሳያለሁ?"

"አሳየሁ ትላለህ? ወንድሜ ከእጅህ መንጭቆ አይደል የወሰደው?" አለው ደሴ።

"ተው አንተ!" ሽማግሌዎቹ ወክለው የላኳቸው መሪጌታ ወልደ ሰንበት በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ። "የመጣነው ለመስማት ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሳንጃውን እንዲለይ ሰይፈዲንን የመረጡት ያለ ነገር አልነበረም። ባላገሩ በግ የሚያርድበትን፣ እሾህ የሚመነጥርበትን አሮጌ ሳንጃ እየገዛ መሰብሰብ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የትኛው የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር በታች ጋይንት ቢፈለግ እሱ ነው። ደግሞም ሙስሊም ስለሆነ ከሁለቱም ወገን በሥጋ አይገናኝም፤ ለዘመዱ አደላ የሚለው አይኖርም።

ሳንጃውን ማንሳት እንኳ አላስፈለገውም ነበር። ቀጭን ረጅም ስለት፣ ጠፍጣፋ ጀርባ፣ የናስ ጉልላት፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ መስቀለኛ፤ ውጅግራ ነው። ግን ቀና ብሎ በሩን አየ። በሩ ላይ የደሴ ሁለት ወንድሞች ክላሽ አንግተው ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ ነው፣ ጆሯቸው ወደ ውስጥ።

"ምልክት ነበረው?" አለ፣ ጊዜ ለማግኘት።

"እጀታው ላይ መስቀል ቀርጸውበት ነበር፤ አባቴ ነው የነገረኝ።"

እጀታውን ምስጥ በልቶታል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ ሀሊማ ሚዛን የምትፈልግ መስላ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "የጣሊያን ነው በላቸውና ይሂዱ" አለች በሹክሹክታ። "ማን ያውቅብሃል?"

እውነቷን ነው፤ ማንም አያውቅበትም። አንድ ቃል ተናግሮ ሁሉንም ወደየቤቱ መስደድ ይችላል። ሳንጃውን ወደ ብርሃኑ አዞረው። የጠመንጃው አፈሙዝ የሚገባበት ቀለበት ውስጥ፣ ከጭቃው ሥር፣ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። በጥፍሩ ፋቀው። ከጥይት ቀለህ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ የገባ ናስ ነው።

ከመደርደሪያው ሥር የውጅግራ አፈሙዝ ቁራጭ አወጣ፤ አንድ አንጥረኛ የወናፉ አፍ አድርጎት ሲሠራበት የኖረ፣ ከእሱ የገዛው ነው። ቀለበቱን አፈሙዙ ላይ ገፋው። አልገባም። አጥብቆ ገፋው። እምቢ አለ።

"ስለቱ የውጅግራ ነው" አለ። "ቀለበቱን ግን አጥበውታል። መጨረሻ የተሰካው ውጅግራ ላይ አይደለም።"

ንጋቱ በረጅሙ ተነፈሰ። "ይኸው! የሰው ስም ስታጠፋ ሰነበትክ!"

ደሴ ዓይኑን ከናሱ አልነቀለም። ፊቱ ላይ ቁጣው ወርዶ በቦታው የመጣውን ድካም ሰይፈዲን አየ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ አልቆ ነበር። ሀሊማም መጋረጃውን ይዛ ዝም በል የምትለው ይመስላል።

"አልጨረስኩም" አለ ሰይፈዲን። "ናሱ በኋላ የገባ ነው። መጀመሪያ ውጅግራ ላይ ሳይሰካ አይቀርም።"

መሪጌታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ደሴ ግን ቀደማቸው። "ከሟች ነጥቆ ለራሱ ጠመንጃ አጠበበው ማለት ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ከገበያ የገዛው ሰውም አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ብረቱ ይህን አይነግረኝም፤ ነገረኝ ብል እዋሻለሁ።"

"ልጄ ንጋቱ" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ "በአያትህ ቤት ምን ጠመንጃ ነበር?"

ንጋቱ ወደ በሩ አየ። ክላሽ ያነገቱት ፊታቸውን ወደ ውስጥ መልሰዋል። ምንም አልነበረም ቢል የሚከራከረው ሽማግሌ ሁሉ ሞቷል።

"ምንሽር" አለ፤ አፈሙዙ ከውጅግራ የሚቀጥን ጠመንጃ። "አባቴ ነው የሸጠው። የአያቴን ሥራ ግን እኔ አላውቅም፣ መሪጌታ። ማል ብትሉኝም አልምልም።"

ከደሴ ወንድሞች ታላቁ የበሩን ደፍ ተሻገረ።

"ቁም!" አለው ደሴ፣ ሳይዞር። ወንድሙ ቆመ። ደሴ ሲቀጥል ድምፁ የተለመደው ድምፁ አልነበረም። "አያቴ ፍትሐት አልተደረገላቸውም። አባቴ ሊሞት ሲያጣጥር የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ስለ ደም አንድም አላነሣ። ድንበሩ ሥር ይቆፈር።"

"ገብሱ በቅሏል" አለ ንጋቱ።

"አውቃለሁ።"

"እኔ ራሴ እቆፍራለሁ" አለ ንጋቱ። "ከተገኙስ?"

"ከተገኙ እቀብራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስላለው አሁን ምንም አልልህም።"

"ሰይፈዲንም ይመጣል" አሉ መሪጌታ፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ሲነሡ። "ብረት ቢወጣ የሚለይልን ያስፈልጋል።"

ሀሊማ መጋረጃውን ለቀቀችው። ሰይፈዲን የአፈሙዙን ቁራጭ ኪሱ ከተተና የሱቁን ቁልፍ ሰጣት።

ንጋቱ ለመውጣት በሁለቱ ክላሾች መካከል ማለፍ ነበረበት። ደፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ወንድማማቾቹ ደሴን አዩ። ደሴ ጋቢውን ሰብስቦ መጣና ከንጋቱ ጀርባ ተጠግቶ፣ በእሱና በወንድሞቹ መካከል ሆኖ፣ አብሮት ወጣ።