የሚሰማና የሚታይ

«አንቀጽ ዘጠኝ፤ ማንኛውም ባለ ፎቅ የኪራይ ቤት የሚሰማ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ይኖረዋል» ብለው ሰብሳቢዋ በሕዝብ ውይይቱ ላይ ረቂቅ ደንቡን ሲያነቡ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ጣቶች እግር በእግር ተከተሏቸው። አልተደናቀፈችም። ረቂቁን ሦስት ጊዜ አንብባ ነው የመጣችው።

የከተማው ምክር ቤት ኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ ለቋሚው ቦታ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ትወዳደራለች። ያልገባትን ነገር በእጅ መናገር እንደማይሆንላት ስለምታውቅ፣ ውሃ ይሁን ጡረታ፣ ግብር ይሁን ትራንስፖርት፣ የወጣ ረቂቅ አያመልጣትም። አብራት የምትኖረው አክስቷ ዛሬ ጠዋት እንኳ ስቃባታለች።

«ሰው ልብ ወለድ ታቅፎ ይተኛል፤ አንቺ ደንብ። ባል የመጣ እንደሆነ በየትኛው አንቀጽ ልትቀበዪው ነው?»

«ሥራዬ እኮ ነው፣ እትዬ። ሳይገባኝ ብተረጉም ሰው አሳስታለሁ።»

ሰብሳቢዋ ወደ አንቀጽ አሥር ሊያልፉ ሲሉ ከፊት ረድፍ አንድ አናጺ እጁን አነሳ። ጆሮው አይሰማም። የያዘው የረቂቁ ቅጂ ዳር ዳሩ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ተነሥቶ በእጁ መናገር ሲጀምር እሷ በድምፅ ተከተለችው።

«አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አምና ሕንጻችን ሲቃጠል ደወሉ ጮኸ አሉ። ሁሉም ወረደ። እኔ ተኝቼ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ከሰዉ መሀል ብታጣኝ ተመልሳ በሬን አስከፍታ አወጣችኝ። ይኼ ረቂቅ ‹የሚሰማ› ይላል። ለማን ነው የሚሰማው?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ስትናገር ቃሉን ልብ አለችው። ሦስት ጊዜ ያነበበችው ቃል ነበር። በጣት እንዴት እንደሚባል ተጨነቀች እንጂ ማንን እንደሚተው አልታያትም፤ ያውም እሷን፣ ውሎዋ መስማት ከተሳናቸው ጋር የሆነውን።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሕግ አርቃቂው ዞሩ።

«‹የሚሰማና በብርሃን የሚታይ› ብንለውስ?»

አርቃቂው ጥቂት አሰበ። «የሚከለክለን የለም።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ቃሉ ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ስክሪን ፊደል በፊደል ገባ። አስተርጓሚዋም በጣቶቿ ደገመችው። ሕግ አንድ ሩቅ ቦታ ተሠርቶ አልቆ የሚመጣ ነገር ይመስላት ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ተነሥቶ ጠየቀ፤ በማያውቃቸው ስንት መኝታ ቤቶች ውስጥ መብራት ሊበራ ነው። አናጺው ስክሪኑን አንብቦ እንደ ጨረሰ ጎንበስ ብሎ ወደ አንቀጽ አሥር ገለጠ፤ ገና ሥራ አለበት።

ስብሰባው ሲበተን የአስተርጓሚዎቹ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«ጥሩ ሠርተሻል። ሐሙስ ትልቁ አዳራሽ የኢንቨስትመንት ጉባኤ አለ፤ ለቋሚው ቦታ የሚመርጡት ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። አንቺን ልመድብ?»

«በዚያ ሰዓት ሌላ ምን አለ?»

«ታችኛው ክፍል ውስጥ የአውቶቡስ ፌርማታ ደንብ። እሱን ተይው፣ አሥር ሰውም አይመጣም።»

«መስማት የተሳነው የተመዘገበ አለ?»

ኃላፊው ዝርዝሩን አየ። «ሁለት ሰዎች። ጉባኤው ላይ ማንም የለም፤ ትርጉሙ ለቴሌቪዥኑ ነው።»

«የአውቶቡሱን ረቂቅ ስጠኝ» አለችው።

ተቀብላው ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ ከቦርሳዋ እርሳስ ፈልጋ አወጣች።