አቶ ባንተአምላክ ያስተካከሉት ቀን

ቤዛዊት ለአክስቷ ልቅሶ ዳንግላ ሄዳ በሰነበተችበት ሳምንት የማኅበሩ ኢሜይል ሞተ። ሞተ የሚለው ቃል የሥራ አስኪያጁ የአቶ ባንተአምላክ ነው። ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ "አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ሄድሽ?" ነበር ያሏት። እግዜር ያጽናሽ የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስትመጣ የእንጅባራ ብርድ ያደነዘዘውን እጇን ሳታፍታታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

ቤዛዊት የምትሠራው በዘር ድንች አምራቾች ማኅበር ቢሮ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ፣ የኢሜይል ሳጥኑም አንድ። የይለፍ ቃሉን የቀድሞው ሠራተኛ ይዞት ስለሄደ፣ አሁን የሚያስታውሰው እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የኢሜይል ፕሮግራም ብቻ ነው። አዲስ ይውጣልን ብላ ስትወተውት "ይደርሳል" እየተባለች ከርማለች። የዘሩ የምርመራ ውጤት የሚመጣው በዚሁ ሳጥን ነው። ውጤቱ ሲደርስ ማኅበሩ "ዝግጁ ነን" ብሎ ይመልሳል፤ ገዢውም መኪናውን የድንቹ መጋዘን ወዳለበት ወደ አዘና ይልካል።

ገበሬው አያ ይኸነው ከአዘና ድረስ የመጡት ይህንኑ ሊጠይቁ ነው። የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ድንች መጋዘን ውስጥ ቡቃያው እየረዘመ ነው። ይህ ሳምንት ካለፈ ቡቃያው ይሰባበራል፣ የመስኖ ተከላውም ያልፋል፤ የዓመት ልፋታቸው ለወጥ በሳህን ይሸጣል። ሽማግሌው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው በአገውኛ ያጉረመርማሉ። ቤዛዊትም አገውኛ ታውቃለችና የሚሉትን ሰምታ አንገቷን ደፋች።

ፕሮግራሙን ከፈተችው። የኢሜይል አቀባዩ ሰርቨር ማንነት ሊረጋገጥ ስላልቻለ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ።

"ባለሙያ በስልክ ጠይቄአለሁ" አሉ አቶ ባንተአምላክ ከኋላዋ ቆመው። "ጥበቃውን አጥፉት ነው ያለኝ።"

"የትኛውን ጥበቃ?"

"ሁሉንም ነዋ።"

"ጥበቃው ከጠፋ የይለፍ ቃላችን ራቁቱን ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ የጠበቀው ሁሉ ያነበዋል።"

"እኛ ድንች ነው የምንሸጥ። ማን ብሎ ያነበናል?"

"በማኅበሩ ስም ገበሬውን ሊያጭበረብር የሚፈልግ ያነበናል" አለች ቤዛዊት። አቶ ባንተአምላክ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርተው ማውሱን ከእጇ ነጠቁና የጥበቃውን ምልክት ራሳቸው አነሡት። ሰርቨሩ ያለ ጥበቃ ማንንም አላስገባም አለ።

"ይኸው! ሳታበላሺው አልሄድሽም ብያለሁ" አሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ቤዛዊት ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ጥበቃውን ወደ ቦታው መለሰችው። የማስተካከያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየችው። የሰርቨሩ ስም ልክ ነው፤ የፖርቱ ቁጥር ልክ ነው፤ የምስጠራው ዓይነትም ያው እሷ ትታው የሄደችው ነው። ቀጥላም ሰው ሁሉ ሳያነብ የሚዘጋውን የማስጠንቀቂያውን ዝርዝር ከፍታ ማንበብ ጀመረች። የሰርቨሩ መታወቂያ የሚጸናው ከ2025 ጀምሮ ነው ይላል። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። ኮምፒውተሩ 2018 ላይ ተቀምጧል።

"ቀኑን ማን ነካው?"

"አስተካከሉት በይ!" አቶ ባንተአምላክ ኮታቸውን ሳብ አደረጉ። "ደብዳቤያችን በፈረንጅ ቀን እየወጣ ስብሰባ ላይ መሳቂያ አድርጎኛል። ዘመኑ 2018 አይደለም ነው የምትይኝ?"

የቤዛዊት ደም ፈላ። ዘመኑማ 2018 ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም አልካደም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን መታወቂያ የሚመረምረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዘበኛ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ቢቀርብለት አላስገባም ማለቱ ምን ያስወቅሰዋል? ደብዳቤ ላይ ቀን ለመጻፍ ደግሞ ጣት ይበቃል። ለዚህ ሲባል የአንድ አገር ገበሬ ዘር በር ተዘግቶበት ሰነበተ፤ እሷም ሐዘኗን ሳትጨርስ አጥፊ ተባለች።

ቀኑን መለሰችው። መልእክቶቹ ተራ በተራ መውረድ ጀመሩ። የምርመራው ውጤት መጥቷል፤ የአዘናው ድንች ከበሽታ ንጹሕ ነው፣ አልፏል። ከሥሩ የገዢው መልእክት አለ። መልስ ጠብቀን ስላጣን መኪናውን ዛሬ ጠዋት ወደ ሌላ ማኅበር ልከናል ይላል።

አቶ ባንተአምላክም አነበቡት። ፊታቸው ልውጥ አለ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ "ኔትወርክ እምቢ ብሎ ነው በያቸው" አሉ። "ያምኑሻል።"

የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ እውነትም ያምናሉ። ስንቱ ገበሬ ስንት ጊዜ በዚህች ቃል አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ድንቹ ግን ይበሰብሳል። ቤዛዊት ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች።

"አያ ይኸነው፣ ዘርዎ ምርመራውን አልፏል" አለች። "መኪናው ግን መልስ አጥቶ ሌላ ዘንድ ሄዷል። ኔትወርክ ነው እንድልዎ ታዝዣለሁ። አይደለም። እኛው ነን የኮምፒውተሩን ቀን ያዛባነው።"

"እናንተ ማለት ማን ነው ልጄ?"

ቤዛዊት ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለከተች። "አቶ ባንተአምላክ ናቸው።"

አያ ይኸነው አልጮኹም። ተነሥተው መጡና ከአቶ ባንተአምላክ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለውን የእንግዳ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ደውልለት ለገዢው" አሉ። "እኔ እየሰማሁ ደውል።"

"አያ ይኸነው፣ ነገ በጠዋት እኔ ራሴ..."

"ዛሬ። ሌላ መኪና እልካለሁ ሲልህ ጆሮዬ ካልሰማ ከዚህ አልነሣም። ዘሩን እዚህ ቢሮህ ድረስ አስመጥቼ አራግፈዋለሁ። የማኅበሩ ቤት የኛ ቤት ነው።"

አቶ ባንተአምላክ ስልኩን አንሥተው ደወሉ። "ጤና ይስጥልኝ... አዎ፣ ከእንጅባራ ነው... እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ የኛ አገር ኔት..."

ቀና ሲሉ የሽማግሌው ዓይን እላያቸው ላይ ነበር። ቤዛዊትም ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ እያየቻቸው ነው።

"አይደለም" አሉ አቶ ባንተአምላክ በስልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እባካችሁ ሌላ መኪና ስጡን።"