እስክትለምጂው ነው

«ይህቺ ልጅ ለእህቷ ያልሆነችው ምን አለ?» አለች የእህትማማቾቹ አክስት፣ ሻይ እያዞረች። «ዓይኔ ደከመ ብትላት ወዲያው መነጽር ሠርታ ሰጠቻት። እህት እንዲህ ናት!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ታላቅየዋ ዞረ። የሟች እህቷን ጨቅላ ታቅፋ አንገቷን እንደደፋች ነው። ሰው ማመስገን ከጀመረ ልክ የለውም፤ እሷ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

መነጽር ቤት ከከፈተች ሃያ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ታናሽየዋ ዘጠነኛ ወር ሆዷን ይዛ፣ ፊቷ አባብጦ ሱቁ መጣች።

«እትዬ፣ ማንበብ አቃተኝ። ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

«እርጉዝ ዓይኗ ይለዋወጣል። እንኳን ዓይንሽ አፍንጫሽም ተለውጧል!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዓይኗን ለካችና አዲስ መነጽር ሠራችላት።

በሦስተኛው ቀን ታናሽየዋ ደወለች። «እትዬ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

«አዲስ መነጽር ራስ ያሳምማል። እስክትለምጂው ነው፤ እንዳታወልቂው።»

ለደንበኛ ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ታናሽየዋ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ሕፃኗን በቀዶ ጥገና አወጡ፤ እናት ግን አልነቃችም። በእርግዝናው የመጣ የደም ግፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም አፍስሷል አሉ።

«ራስ ምታት ወይ የዓይን ብዥታ አልነበራትም?» ሲል ሐኪሙ ባልየውን ጠየቀው።

«ለእኔ ምንም አላለችኝ» አለ ባል። ታላቅየዋ አጠገቡ ቆማ ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ለቅሶው ላይ ባል ወደ ታላቅየዋ ጠጋ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ልጅቷን አንቺው አሳድጊያት። ካንቺ በላይ ማንን አምናለሁ?»

ልጅ የላትም። እሺ ብትል ማንም ምንም አያውቅም። እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ አፍራ ዘጋችው።

«ነግራኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ራሷን እንደሚያማት። ዓይኗም እንደሚደበዝዝባት። መነጽሩ ነው፣ ልመጂው አልኳት። ሐኪሙ ሲጠይቅህም ሰምቼ ዝም አልኩ።»

አክስት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ባል ተነሳ። ሕፃኗን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

ጨቅላዋ የታላቅየዋን ጣት ጨብጣ ተኝታለች። ታላቅየዋ እነዚያን ትንንሽ ጣቶች እንዳታነቃት እየተጠነቀቀች አንድ በአንድ አስለቀቀችና ሰጠችው።