ጃንጥላና ማጭድ

እኔ አዚዛ መሸነፍ አልወድም። ባለፈው ምርጫ ለፓርላማ ተወዳድሬ ስሸነፍ ደግሞ ያሸነፈኝ ገዢው ፓርቲ ብቻ አይደለም፤ ሮሪሳም ጭምር ነው። ሮሪሳ በሰቃ ከሱቄ ፊት ለፊት ብረት የሚበይድ ጎረቤቴ ነው። የእኔ ፓርቲ ምልክት ጃንጥላ፣ የእሱ ማጭድ። የሁለታችን ድምፅ አንድ ላይ ቢሆን ወንበሩ የእኛ ነበር። ተከፋፍለን ሁለታችንም ቀረን።

ዘንድሮ ፓርቲዎቻችን ጥምረት እንፍጠር ብለው ወር ሙሉ ተሰበሰቡ። በሁሉም ተስማምተው በእኛ ምርጫ ክልል ማን ይወዳደር የሚለው ላይ ድርቅ አሉ። እነሱ ሲጨቃጨቁ የድምፅ መስጫው ወረቀት የሁለታችንንም ምልክት ይዞ ታትሞ አለቀ። ንድድ ቢለኝ፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይውጣ፣ ያልወጣለት ለወጣለት ድምፅ ያሰባስብና እንገላገል አልኩ፤ ሁሉም ተስማሙ። አሥራ አምስት ዓመት የዕቁብ ዳኛ ነኝ፤ ዕጣ እኔን እንደሚወደኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ስማችንን ጠቅልለን ብርጭቆ ውስጥ ከተትን። ደንበኛዬ እማማ አደሴ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሮሪሳን አወጡት።

አንጀቴ እርር አለ። እውነቱን ልናገር፣ ይደገም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስንቱን ዕጣ ያልወጣለትን ሰው "ወጥቷል፣ አለቀ" እያልኩ አሰናብቻለሁ! ለራሴ ሲሆን በምን አፌ? ዋጥኩት። እማማ አደሴን ግን ሁለት ቀን ፊት ነሳኋቸው፤ ምን አጠፉ እሳቸው?

የባሰው ሥራ ከዚያ መጣ። ማንበብ የማይችሉትን የሰፈሬን እናቶች ጃንጥላዋን ምረጡ እያልኩ ወራት አስጠንቻቸዋለሁ፤ ሱቄ በር ላይም ጃንጥላ ዘርግቼ ሰቅያለሁ። እነሱ የለመዱትን ከመረጡ ወንበሩ ዳግመኛ ያመልጠናል፣ እኔም ከዳች እባላለሁ። ጃንጥላዬን አውርጄ ማጭድ ሰቀልኩ። እማማ አደሴ ስኳር ሊገዙ መጥተው ቀና ብለው አዩና፣ አኩርፈሽ ነው ወይ ልጄ አሉኝ። አዎ አኩርፌያለሁ፣ እርስዎ ግን ማጭዱን ይምረጡ አልኳቸው። ቤት ለቤት ዞሬ ለሁሉም እንዲሁ ነገርኩ።

በምርጫው ማግስት የጣቢያችን ውጤት በሩ ላይ ተለጠፈ። ማጭድ ገዢውን ፓርቲ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ በልጧል። እልል አልን። ከሥር ግን "ጃንጥላ፦ 1" ይላል። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ወላሂ እኔ አይደለሁም! ማጭዱን ነው የመረጥኩት። ማን ያምነኛል?

ሮሪሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ለራሴ ልሰጥ ስል አፈርኩ። ዕጣው ለእኔ ወጣ እንጂ ወንበሩ ያንቺም ነበር።"

አንተ ጅል፣ በአንድ ድምፅ ብንሸነፍስ ኖሮ ብዬ ጮህኩበት። እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወርዷል። የሌሎቹን ጣቢያዎች ውጤት ለማየት አብረን መንገድ ስንጀምር እማማ አደሴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። አንዴ ዕቁብ የወጣለት ሰው የሚቀጥለው ዕጣ ውስጥ አይገባም አይደል ብለው ጠየቁኝ። አይገባም አልኩ። ሮሪሳም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያ ብርጭቆው ውስጥ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ" አሉኝ።