የመዳብ ዋጋና አንድ መቃብር

ኮኪት ውስጥ ሰሊጡን ከመሸጡ በፊት እኔን የማይጠይቅ ባለእርሻ አልነበረም። ሃያ ዓመት የሰሊጥ ደላላ ነበርሁ። በኅዳር ሁሉም ምርቱን ሲያወጣ ዋጋ ይወድቃል፤ መጋዘኑን ቆልፎ የታገሠ በግንቦት ይስቃል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ሰው ግን ነቢይ አደረገኝ። «ጋሽ ደሞዝ ካሉ አለቀ» ይሉ ነበር፤ እኔም ሞኙ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት ግንቦት ላይ ከከተማው ማዶ ወዳለው ኮረብታ መዳብ ፈላጊዎች መጡ። ኩባንያው የባሕር ማዶ ነው፤ የቁፋሮው ኃላፊ ግን መክሊት የምትባል የጎንደር ልጅ ናት። መሰርሰሪያው ሊቆም በታሰበበት ቦታ፣ ኩርኩራ ዛፍ ሥር፣ በድንጋይ የተከበበ መቃብር አገኙ። የእትዬ ዝናሽ ልጅ የአለምሰገድ ነበር።

አለምሰገድ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ የወቅት ሠራተኛ፣ ሳሉግ ነበር፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ገደለው። ያኔ በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። እናቱ ሊያለቅሱ መጥተው በዚያው ቀሩ። ከኮረብታው ፊት ለፊት ጎጆ ቀልሰው ለሠራተኛ ምግብ ይሸጣሉ። እሑድ እሑድ ይወጣሉ፣ ድንጋዩን ያስተካክላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይወርዳሉ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

መክሊት ለመነቻቸው እንጂ አላስገደደቻቸውም። «አፅሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛወር። ማዕድኑ ከተከፈተ ክሊኒክ ይሠራል» አለቻቸው። እትዬ ዝናሽ ወደ እኔ መጡ።

«ጋሽ ደሞዝ፣ አንቱ የዋጋን ነገር ያውቃሉ። እውነት እነዚህ ሰዎች ይቆያሉ? የሌላ ሰው ልጅ የሚድንበት ክሊኒክ ከመጣ፣ የኔ ልጅ ይነሣ። አለዚያ ግን አይነካብኝ።»

መክሊትን ጠየቅኋት።

«የመዳብ ዋጋ ሲወርድ ነው የከረመው፤ አሁን ቶኑ ስድስት ሺህ ዶላር ነው» አለችኝ። «ከዚህ ካልወረደ ባለገንዘቦቹ ይቆያሉ፤ ከወረደ ይሄዳሉ። የትኛው እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።»

ልጅቱ እውነቱን ነገረችኝ። እኔ ግን በልቤ ሳቅሁባት። የወረደ ዋጋ መልሶ ይወጣል፤ ሰሊጥስ እንዲህ አይደል?

«ዋጋው ይወጣል፤ አይሄዱም» አልኋቸው እትዬ ዝናሽን።

«እንግዲያስ አንቱ ካሉ ይሁን» አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቄሱ ባሉበት ተቆፈረ። ዋልካው አፈር ብዙ አላስተረፈም፤ ጥቂት አፅምና አንድ የቀበቶ ዘለበት ወጣ። እትዬ ዝናሽ ዘለበቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «እኔ ነኝ የገዛሁለት» አሉ። አልጮኹም። አፅሙ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ኮኪት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። ኩርኩራውም ተቆረጠ።

በኅዳር መክሊት ልትሰናበተኝ መጣች።

«ቶኑ አሁን አምስት ሺህ እንኳ አይሞላም። አቁሙ ተብለናል።»

«ባለገንዘቦቹ ይታገሡ እንጂ! እስከ ግንቦት ይጠብቁ!» ብዬ ጮኽሁባት።

«ጋሽ ደሞዝ፣ መዳብ እኮ ግንቦት የለውም» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መኪኖቹ በማግስቱ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዝናሽን አዲሱ መቃብር ዘንድ ፈለግኋቸው፤ የሉም። ኮረብታው ላይ አገኘኋቸው። መሰርሰሪያው በቆመበት ጠፍ መሬት የድሮዎቹን ድንጋዮች ከየቦታው ለቅመው ዙሪያውን ደርድረዋቸዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ኧረ ይነሡ፣ ጋሽ ደሞዝ። አንቱ ምን አጠፉ?»

እኔ ግን ያጠፋሁትን አውቃለሁ። አላውቅም ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር?

«እትዬ ዝናሽ፣ ልጅዎ እኮ አሁን እዚህ የለም» አልኋቸው።

«እሱማ እዚያ ነው» አሉ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ እያስተካከሉ። «እዚያ ስሄድ ግን እንባዬ እምቢ ይለኛል። አሥራ አራት ዓመት ያለቀስሁት እዚህ ነው።»